154 ዝም ያሉ ቀናት፦ የፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን ጉዳይና ነርቭን ከሜርኩሪ ይከላከላሉ የሚባሉ ዕፅዋት

በሜርኩሪ የተመረዙ የነርቭ ሕዋሳትን ከሞት ያተረፈ የዕፅዋት ጭማቂ ዜና ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእርድ የሚወጣው ኩርኩሚን፣ በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያሉት ካቴኪኖች፣ የጊንጎ ቅጠል፣ ባኮፓ የተባለው ረግረግ ወዳድ ተክል፣ በሽንኩርትና በፖም የሚገኘው ኩዌርሴቲን፤ እነዚህ ሁሉ በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሕዋሳት ወይም በአይጦች ላይ ተሞክረው መልካም ውጤት ተመዝግቦላቸዋል። ሙከራዎቹ በቁም ነገር የተሠሩ ናቸው፤ እኔም በቁም ነገር አነባቸዋለሁ። ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በተረፈ ሕዋስና በሆስፒታል አልጋ ላይ በተኛ ሰው መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት አንድ እውነተኛ ጉዳይ ያስፈልጋል፦ የተመረዘበት ዕለት፣ የመርዙ ዓይነት፣ ምልክቱ የታየበት ቀን፣ የተሰጠው ሕክምናና በመጨረሻ አንጎሉ የደረሰበት ሁሉ በዝርዝር የታወቀ ጉዳይ።

እንዲህ የተሟላ መዝገብ ያለው የሜርኩሪ መመረዝ እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛው ተጎጂ መቼ እንደተመረዘ እንኳ አያውቅም። ሐኪሞቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 በሕክምና መጽሔት ላይ ያተሙት የፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን ጉዳይ ግን ቀን በቀን ሊከተሉት የሚቻል ነው።

የሆነው

ካረን ዌተርሃን በአሜሪካ ኒው ሃምፕሽር ግዛት፣ በሃኖቨር ከተማ በሚገኘው ዳርትመዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። መርዛማ ብረቶች በሕይወት ያሉ ሕዋሳትን እንዴት እንደሚጎዱ ማጥናት የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሲሆን፣ በተለይ ክሮሚየም በዲኤንኤ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ባደረጉት ምርምር ይታወቁ ነበር። ከመርዝ ጋር መሥራትን ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው ብዙ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1996 ዳይሜታይል ሜርኩሪ የተባለውን ቀለም አልባ ፈሳሽ ፒፔት በተባለ ቀጭን የፈሳሽ መቅጃ ቱቦ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላው ያዛውሩ ነበር። ፈሳሹ በዚያን ጊዜ በኑክሌር መግነጢሳዊ ንዝረት መሣሪያ የሜርኩሪን ምልክት ለመለካት እንደ ማነጻጸሪያ ያገለግል ነበር። ሥራው የተከናወነው አየር ወደ ውጭ በሚስብ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የዓይን መከላከያ አድርገዋል፤ እጃቸው ላይም በየቤተ ሙከራው የሚለበሰው የላቴክስ ጓንት ነበር። ከፒፔቱ ጫፍ አንድ ወይም ጥቂት ጠብታዎች በጓንቱ ጀርባ ላይ ወደቁ። ቦታውን አጸዱ፣ ጓንቱን አወለቁ፣ እጃቸውን ታጠቡ። በወቅቱ በነበረው እውቀት የሚጠበቅባቸውን ሁሉ አድርገዋል።

በኋላ ላይ የተደረገ ፍተሻ ፈሳሹ የላቴክስ ጓንትን በ15 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሰርጎ እንደሚያልፍ አሳየ። በቆዳ የገባው መጠን ከግማሽ ሚሊሊትር በታች እንደ ነበር ሐኪሞቹ ገምተዋል። ዛሬ ለዚህ ውሕድ የሚመከረው የእጅ መከላከያ ከውስጥ ብዙ ንጣፍ ያለው የፕላስቲክ ጓንት፣ ከላይ ደግሞ ወፍራም የኒዮፕሪን ጓንት ነው። ብዙ ቤተ ሙከራዎችም ይህን ማነጻጸሪያ እርግፍ አድርገው ትተው አደጋው ያነሰ የሜርኩሪ ውሕድ ወደ መጠቀም ዞረዋል።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማቸውም። ሥራቸውን ቀጠሉ። ይህ ዝምታ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልቆይበት። ጸጉር በሚያድግበት ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ይዞ ይቀራል፤ አንድን የጸጉር ዘለላ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቆራርጦ መመርመር የመመረዝን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ ማንበብ ነው። የፕሮፌሰሯ ጸጉር ሲመረመር ሜርኩሪው ከአደጋው 17 ቀናት ያህል በኋላ መጨመር ጀምሮ በ39ኛው ቀን ገደማ ከፍተኛው ላይ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ በ75 ቀናት ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ሄዷል። ይህ ማለት የመጀመሪያው የነርቭ ምልክት በታየበት ወቅት በደማቸው ውስጥ የነበረው ሜርኩሪ ከጣሪያው ወርዶ በመቀነስ ላይ ነበር። መርዙ ከፍተኛ ደረጃ ላይ በነበረበት በዚያ የመስከረም ወር ፕሮፌሰሯ ጤነኛ መስለው ይሠራሉ፣ ያስተምራሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ።

በኋላ ላይ የሰውነት ክብደታቸው በሁለት ወር ውስጥ 7 ኪሎ ገደማ ቀነሰ፤ አልፎ አልፎ ማቅለሽለሽና የሆድ ሕመም ነበር። እነዚህን ምልክቶች ይዞ የሜርኩሪ መመረዝን የሚጠረጥር ሐኪም አይገኝም። ከአደጋው 154 ቀናት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1997 አጋማሽ፣ ሚዛን መጠበቅ አቃታቸው፤ አረማመዳቸው ተዛባ፤ ንግግራቸው ተሳሰረ። ጃንዋሪ 20 ሆስፒታል ገቡ። ጣቶቻቸው ይነዝራሉ፣ ጆሯቸው ይጮኻል፣ የዓይናቸው የማየት አድማስ እየጠበበ ነው። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ በአንድ ሊትር ደም 4,000 ማይክሮግራም ሜርኩሪ ተገኘ። ጤነኛ ሰው ዘንድ የሚጠበቀው ከ1 እስከ 8 ሲሆን፣ ከ200 በላይ መርዛማ ይባላል።

ሕክምናው በ168ኛው ቀን ተጀመረ። ሰክሲመር የተባለውና ብረትን አስሮ በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ደማቸውም በሌላ ደም እንዲተካ ተደረገ። መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል፦ በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ የሚወጣው ሜርኩሪ ከ257 ወደ 39,800 ማይክሮግራም አሻቀበ። ሕመምተኛዋ ግን አልተሻላቸውም። የመጀመሪያው የነርቭ ምልክት በታየ በ22ኛው ቀን ለድምፅም ሆነ ለብርሃን ምላሽ መስጠት አቆሙ። ጁን 8 ቀን 1997፣ ከአደጋው 298 ቀናት በኋላ፣ በ48 ዓመታቸው አረፉ።

ለዕፅዋት ጥያቄ ቀጥተኛ ትርጉም ያለው አንድ ነገር በዚህ የሕክምና መዝገብ ውስጥ አለ፤ አብዛኛው አንባቢ ያልፈዋል። ሐኪሞቹ ቫይታሚን «ኢ»ንም ሰጥተዋቸው ነበር። ምክንያቱ በቤተ ሙከራ ይህ አንቲኦክሲዳንት (ጎጂ የኦክስጅን ዝርያዎችን የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር) ሕዋሳትን ከሜታይል ሜርኩሪ ጉዳት እንደሚከላከል መታየቱ ነው። ዛሬ በዕፅዋት ጭማቂዎች ላይ የሚቀርበው ዋና መከራከሪያም ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በአንድ ሰው ላይ የተደረገ ሕክምና ምንም አያረጋግጥም፤ ግን የሳህኑ ተስፋ ወደ አልጋው ሲመጣ በስንተኛው ቀን እንደ ደረሰ ያሳያል።

አንጎል ውስጥ የተፈጸመው

ዳይሜታይል ሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ ወደ ሜታይል ሜርኩሪ ይቀየራል። በጃፓን በሚናማታ የባሕር ሰላጤ በሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ ይመገቡ የነበሩ ሰዎችን፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1971 እና 1972 በኢራቅ በሜርኩሪ የታሸ የስንዴ ዘር ጋግረው የበሉ ገበሬዎችን የጎዳው ይኸው ውሕድ ነው። ድኝ አጥብቆ ይወዳል፤ በፕሮቲኖች ላይ ካለው የድኝና የሃይድሮጅን ጫፍ ጋር ይጣበቃል። ሲስቲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲጣበቅ ቅርጹ ሜታዮኒን ከተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ጋር ይመሳሰላል። ደምን ከአንጎል የሚለየው አጥር ላይ ያለው አሚኖ አሲድ አመላላሽ ፕሮቲን ሜታዮኒን መስሎት ተሸክሞ ያስገባዋል።

ከገባ በኋላ ጥቃቱ በብዙ አቅጣጫ ነው። የሕዋሱ ዋና መከላከያ የሆነውን ግሉታታዮንን ያሟጥጣል። ሴሌኒየም ይዘው የሚሠሩትን ተከላካይ ኢንዛይሞች ያሰናክላል። ማይቶኮንድሪያ ኃይል በሚያመነጭበት መስመር ላይ ጎጂ የኦክስጅን ዝርያዎች እንዲፈልቁ ያደርጋል። የሕዋሱን ውስጣዊ አውታር የሚሠሩትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይበትናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በነርቭ ሕዋሳት ዙሪያ ያሉት አስትሮሳይት የተባሉ ደጋፊ ሕዋሳት፣ ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበትን ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ከአካባቢው ማንሳት ሲያቅታቸው የሚመጣው ነው፦ ግሉታሜቱ ተጠራቅሞ ነርቮቹን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሳቸዋል፣ ካልሲየም ያጥለቀልቃቸዋል፣ ይሞታሉ።

ጉዳቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በፕሮፌሰር ዌተርሃን አንጎል ላይ የተደረገው ምርመራ የአንጎሉ ቅርፊት መሳሳቱን፣ የማየት ማዕከሉ በከባድ ሁኔታ መጎዳቱን፣ ሚዛንን የሚቆጣጠረው ሴሬቤለም መኮማተሩን አሳይቷል። በሚናማታ የታየው ሥዕልም ይኸው ነው። ሰክሲመር ከደማቸው ያን ሁሉ ሜርኩሪ ካወጣ በኋላ እንኳ፣ በሞቱበት ወቅት አንጎላቸው ውስጥ የነበረው መጠን በደማቸው ከነበረው ስድስት እጥፍ ያህል ነበር። መድኃኒቱ ወደ አንጎል በሚገባ አይዘልቅም። በኢራቅም ብረት አሳሪ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ቶሎ ቢያወርዱትም የተጎዱት ሰዎች ሕመም ያን ያህል አልተሻለም።

ሙከራዎቹን በዚህ ጉዳይ ሚዛን ስንመዝናቸው

አንድ የተለመደ ሙከራ እንዲህ ይሠራል። ተመራማሪው ተክሉን በአልኮል ወይም በውኃ ነክሮ ያወጣውን ጭማቂ በነርቭ መሰል ሕዋሳት ላይ ያፈስሳል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሜርኩሪ ይጨምራል፤ በማግስቱ ስንት ሕዋስ እንደተረፈ ይቆጥራል። ጭማቂ ያገኙት ብዙ ይተርፋሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ጭማቂው የቀደመው መርዙን ነው። ፕሮፌሰር ዌተርሃን ግን ሐኪም ዘንድ የደረሱት ሕዋሶቻቸው ከአምስት ወር በላይ በመርዙ ከተነከሩ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ የሞተ ነርቭ ሞቷል፤ የትኛውም ተክል አያስነሳውም። አስቀድሞ የተሰጠ መከላከያ ውጤት ያሳየ ሙከራ ሁሉ «ያክማል» ተብሎ ሲጻፍ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። አንባቢው ታማሚ ወይም የታማሚ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ በቃሉ ይታመናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሜርኩሪውና ጭማቂው የት እንደ ተገናኙ ነው። በድኝ ወይም ፖሊፌኖል በተባሉት የዕፅዋት ውሕዶች የበለጸገ ጭማቂ ሳህኑ ላይ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ሜርኩሪውን ራሱ ሊይዘው ይችላል። ሕዋሱ የተረፈው መርዙ ስላልገባበት ነው ማለት ነው። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ነርቭን የማጠንከር ችሎታ ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም። ለመለየት ቀላሉ መንገድ በሕዋሱ ውስጥ የገባውን ሜርኩሪ መለካት ነው፤ ሳይለካ የቀረ ሙከራ ግን ብዙ ነው። አቆጣጠሩም ራሱ ወጥመድ አለበት። በሕይወት ያለ ሕዋስ ቢጫውን ቀለም ወደ ወይን ጠጅ ይቀይራል የሚለው በሰፊው የሚሠራበት ፍተሻ፣ ፖሊፌኖል ራሱ ያለ ምንም ሕዋስ ቀለሙን ሊቀይረው ስለሚችል፣ የሞተውን በሕይወት እንዳለ ያስቆጥራል።

ከሳህን ወደ አይጥ ስንሸጋገር ሌላ ችግር ይመጣል፤ ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ይህ ይመስለኛል። በሙከራዎች በብዛት የሚሠራበት ትልቁ አይጥ (ራት) ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ሜርኩሪ የሚጣበቅባቸው የድኝ ጫፎች ከሰው ይልቅ ስለሚበዙበት፣ ሜታይል ሜርኩሪው በደሙ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። በዚህ የተነሣ በአይጥ አንጎል ውስጥ ያለው መጠን ከደሙ እጅግ ያነሰ ነው። ሰው ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ በፕሮፌሰሯ ላይ እንዳየነው አንጎል ከደም ብዙ እጥፍ ይይዛል። በአይጥ አንጎልን ያተረፈ ጭማቂ የተፈተነው መርዙ በአብዛኛው ደም ውስጥ በታሰረበት እንስሳ ላይ ነው።

መጠኑም አለ። ኩርኩሚን በአፍ ሲወሰድ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ የገባውም ቶሎ ተቀይሮ ይወጣል። በሳህን ላይ የሚፈስሰውን ያህል ጥግግት በአንጎል ውስጥ ማግኘት በመብላት አይቻልም።

ታዲያ ዕፅዋት ምን ቦታ አላቸው?

አላቸው እላለሁ፤ ቦታቸው ግን ማስታወቂያው የሚለው አይደለም።

አንዱ አንጀት ነው። ሜታይል ሜርኩሪ ከጉበት በሐሞት ወደ አንጀት ይወርዳል፤ አብዛኛው እዚያው ተመልሶ ይመጠጣል፤ ሰውነት ለረጅም ጊዜ የሚይዘውም በዚህ ዑደት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የስንዴ ፉርሽካ የበዛበት መኖ የተሰጣቸው ሜርኩሪውን ቶሎ አስወጥተዋል፤ በአንጎላቸው ውስጥ የተገኘውም ቀንሷል። የአንጀት ባክቴሪያዎች ውሕዱን ሰባብረው በቀላሉ ወደማይመጠጥ ዓይነት ስለሚለውጡት ነው ተብሎ ይታሰባል። በኢራቅም ድኝ የተጨመረበት ሙጫ መሰል ዱቄት ተውጦ በአንጀት ውስጥ ሜርኩሪውን እንዲይዝ ተሞክሮ በደም ውስጥ ያለውን መጠን አውርዷል። እዚህ ላይ ተክሉ የደምና የአንጎልን አጥር ማለፍ አይጠበቅበትም። ይህ መስመር ከሚገባው ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ ይቆጨኛል።

ሌላው የሕዋሱን የራሱን መከላከያ ማንቃት ነው። ኪፕ1 የተባለ ፕሮቲን ኤንአርኤፍ2 የተባለውን የመከላከያ ጂኖች አዛዥ ይዞ ያስቀምጠዋል። ከብሮኮሊ የሚገኘው ሰልፎራፌንና መሰሎቹ ኪፕ1 ላይ ባለው ድኝ ላይ ተጣብቀው አዛዡን ያስለቅቃሉ፤ ሕዋሱ ግሉታታዮን በብዛት ይሠራል፣ ከግሉታታዮን ጋር የተጣመረውን ሜርኩሪም ወደ ውጭ የሚገፉ አመላላሾችን ያበዛል። የጃፓን ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ በሕዋስና በአይጥ ውስጥ የሚጠራቀመው ሜርኩሪ ራሱ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሜርኩሪውም ኪፕ1 ላይ ተጣብቆ ያንኑ ማንቂያ ይጫናል፤ ግን እያጠፋ ነው የሚያነቃው።

አሁን ወደ እነዚያ 154 ቀናት እንመለስ። ሜርኩሪው በደም ውስጥ በነበረበት፣ ነርቮቹ ገና ባልሞቱበት በዚያ ረጅም ዝምታ ውስጥ መከላከያ የሆነ ነገር ቢሰጥ፣ ከግሉታታዮን ጋር የሚሠራም ቢሆን ከአንጀት የሚይዝም ቢሆን፣ ትርጉም ሊኖረው የሚችለው ያኔ ነው። በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ ሜታይል ሜርኩሪ ከዓሣ የሚያገኝ ሰው ሁልጊዜ በዚህ መስኮት ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የዕፅዋት ምርምር ዋና ተጠቃሚ ሊሆኑ የሚችሉት እነዚህ ዝቅተኛና የማያቋርጥ ተጋላጭነት ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይም የፅንሱ አንጎል ገና በመሠራት ላይ ያለ ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ተመርምሮ ደኅንነቱ ያልታወቀ ጭማቂ መስጠት አይቻልም፤ ስለዚህ ጥያቄው ከጭማቂ ይልቅ ወደ ምግብ ያዘነብላል።

ድንብላል ሜርኩሪን ከአንጎል ያወጣል የሚለው ወሬ በስፋት ይነገራል። ለእርሳስ (ሊድ) ብረት በተጋለጡ ሕፃናት ላይ በተደረገ ሙከራ የድንብላል ጭማቂ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ የተለየ ውጤት አላሳየም፤ ሜርኩሪን ከሰው አንጎል እንደሚያወጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ከሜርኩሪ ጋር በሥራ የተገናኘ ሰው ሻይ አፍልቶ ከመጠበቅ ይልቅ ደሙን ቢያስመረምር ይሻለዋል። ምልክት ባይኖርም ያስመርምር፤ የዚህ ጉዳይ መዝገብ ምልክት አለመኖር የደኅንነት ማስረጃ እንዳልሆነ በቀናት ቆጥሮ አሳይቷል።

ሊሠራ የሚገባው ሙከራ በአሳብ ደረጃ ግልጽ ነው። ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ከሚችለው የሰው ግንድ ሕዋስ የተፈጠሩ ነርቮችና አስትሮሳይቶች አብረው ይደጉ። ሜታይል ሜርኩሪው በዝቅተኛ መጠን ለሳምንታት ይሰጣቸው። ጭማቂው መርዙን ቀድሞ ሳይሆን ተከትሎ ይግባ፤ ለአንዱ ቡድን በሦስተኛው ቀን፣ ለሌላው በሳምንቱ፣ ለሌላው ሕዋሳቱ መሞት ሲጀምሩ። የጭማቂው መጠን ሰው በልቶ በደሙ ሊያገኘው ከሚችለው አይብለጥ። በሕዋሱ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በእያንዳንዱ እርከን ይለካ፤ የተረፉትም በቀለም ብቻ ሳይሆን መልእክት ማስተላለፍ መቻላቸው ታይቶ ይቆጠሩ። ከስንተኛው ቀን በኋላ ጭማቂው ፋይዳ እንደሚያጣ የሚያሳይ አንድ መስመር ቢገኝ፣ ሐኪም በእጁ ያለው ታማሚ በመስመሩ ከየትኛው ወገን እንዳለ ጠይቆ ሊወስን ይችላል።